ነፍሳችንን ምን ብለን እንጥራት?



«አይዞህ» እንላለን። «አይዞሽ» እንላለን። ሰው ሲበዛ «አይዟችሁ» እንላለን። ግን «አይዞኝ» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ብቻዬን ሆኜ ልለው ስሞክር እንደ ሌላ አገር ቃል አፌ ውስጥ ተደናቀፈብኝ። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ «አብሽር» የምትባል ቃል አለችን፤ አሁንማ ግቢው ሁሉ ተምሯታል። ከዐረብኛ የመጣች ናት፤ ሥሯም የምሥራች ነው። ለታመመ አብሽር፣ በሬው ለሞተበት አብሽር፣ ፈተና ለከበደው አብሽር። ለሌላ ሰው ስንሰጣት አንሰስትም። ለራሳችን ስትሆን ግን ከየት ትምጣ?

ይህን ያስተዋልኩት የሚድ ውጤት በተለጠፈ ሰሞን ነው። ከግቢ ውጭ ባለው መስጂዳችን፣ ከዙህር በኋላ፣ አንዲት የክፍሌ ልጅ የእህቶች ክፍል ጥግ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች። ከ30 ያገኘችው 11 ነው። አጠገቧ ቁጭ አልኩና «አብሽሪ» ብዬ ጀመርኩ። ገና ፋይናል እንዳለ፣ ፈተናው ሁሉንም እንዳስለቀሰ፣ ላብ ላይ ከሁላችንም እሷ እንደምትሻል፣ የማውቀውን ሁሉ አወራሁላት። ወላሂ ከልቤ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ፊቷን ታጠበች፣ ሂጃቧን አስተካክላ ሄደች።

እኔም ወደ ግቢ ስመለስ የራሴን ውጤት አየሁ፤ 12። ያው ፈተና ነው፣ ያው ቀን ነው፣ ልዩነታችን አንድ ነጥብ ነው። ከግቢው በር እስከ ዶርም ድረስ በውስጤ ስትናገር የነበረችው ሴትዮ ግን መስጂድ ውስጥ ስታጽናና የነበረችው አይደለችም። «ድሮም ሪሚዲያል!» አለችኝ። «የሰው ወንበር ይዘሽ ነው የተቀመጥሽው። ቤተሰቦችሽ አያሳዝኑሽም?» ስለ ፋይናል አላነሳችም። ስለ ላብም አላነሳችም።

«ሪሚዲያል» የምትለዋን ቃል ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል። እኔ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። አስቡት፤ ከ100 ተማሪ ወደ 97 የሚጠጋው በአንድ ቀን ራሱን «የወደቀ» ብሎ ጠራ። በእኛ በኩል ደግሞ ዓመቱ ሲጀምር ጦርነቱ አካባቢያችን ድረስ መጥቶ ነበር፤ ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት መቀመጫ እንኳ አልነበረውም። ውስጤ ያለው ድምፅ ይህን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። ጦርነት አያውቅም፣ የተዘረፈ ክፍል አያውቅም፣ 3.3 በመቶ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ቃል ነው፤ እሷኑ ይደጋግማል።

አንዳንዴ ቃናውን አዳምጠዋለሁ። የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሬ ቃና ነው። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ «የአንቺ ጭንቅላት ድንጋይ ነው» ይል ነበር። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ እኔን ያስታውሰኛል ብዬም አላስብም። እሱ ከተናገረው አሥር ዓመት አለፈው፤ እኔ ግን ውስጤ ወንበር ሰጥቼው እስካሁን ያለ ደመወዝ ያስተምረኛል። የእናንተም ድምፅ የማን ቃና እንዳለው አንድ ቀን ልብ ብላችሁ ስሙት። ብዙ ጊዜ የራስ አይደለም።

ይህ ድምፅ ስለ ውጤቴና ስለ እንግሊዝኛዬ ሲያወራ እንደ ጎረቤት ጫጫታ ቆጥሬው ኖሬያለሁ። ያስፈራኝ ዲን ሲማር ነው።

ስሟን የማልጠራት፣ ይህን እንድጽፍ ግን የፈቀደችልኝ አንዲት እህት አለች። ፍሬሽ እያለን ጁዝ ዐማን ያስሐፈዘችን እሷ ናት። በሁለተኛ ዓመት ትምህርቱ ሲከብድ፣ ሌሊት ስታነብ እያመሸች አንዳንድ ቀን ፈጅር ያመልጣት ጀመር። የውስጧ ድምፅ «ለሰው እያስቀራሽ አንቺ ተኝተሽ ታረፍጃለሽ፤ ሙናፊቅ ነሽ» አላት። አፈረች። ሒፍዙን ለሌላ ልጅ አስረከበች፤ ምክንያቷን አልተናገረችም። ከዚያ ከሐለቃው ቀረች። ከዚያ ከመስጂዱ ቀረች፤ «እኔን የመሰለች እዚያ ምን ትሠራለች» እያለች። በመጨረሻ ዶርሟ ውስጥ ብቻዋን ስታገኘኝ የጠየቀችኝን አልረሳውም፤ «ሙናፊቅ ሆኖ ከመስገድ አለመስገዱ አይሻልም?» አለችኝ። ለሦስት ሳምንት ያህል አልሰገደችም ነበር።

ቆም ብላችሁ ሂሳቡን ሥሩት። ነገሩ የተጀመረው በአንዳንድ ፈጅር ነው። ወቀሳው ፈጅርን መልሶ ቢያመጣላት ኖሮ «መራራ ግን መድኃኒት» እንለው ነበር። እሱ ግን የቀሩትን አራቱንም ይዞባት ሄደ። በዚህ ማን አተረፈ? ነፍሷ አላተረፈችም። ዲኗ አላተረፈም። አንድ የሚያተርፍ ብቻ አለ፤ እሱንም ሁላችንም እናውቀዋለን። ወስዋስ ሁልጊዜ «ኃጢአት ሥሪ» እያለ አይመጣም። አንዳንዴ ጥምጣም ጠምጥሞ፣ የተቆርቋሪ ፊት ይዞ፣ «አንቺ ለአላህ አትገቢም» እያለ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ነው ይህን ጉዳይ በዲናችን ውስጥ መፈለግ የጀመርኩት። ያገኘሁት ሐዲስ ደግሞ በቀጥታ ስለዚሁ ጉዳይ፣ ሰው ራሱን ስለሚጠራበት ቃል መሆኑ አስገረመኝ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያወሩት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንዳችን ስለ ነፍሱ ሲናገር «ኸቡሰት» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ከለከሉ፤ «ለቂሰት» የሚለውን እንዲጠቀም አዘዙ። «ኸቡሰት» ከ«ኸቢስ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ቆሸሸች፣ ከፋች፣ ተበላሸች እንደ ማለት ነው። «ለቂሰት» ደግሞ ከበዳት፣ ጥሩ ስሜት አልተሰማትም፣ ወደ ማጥወልወል ያለ ነገር ነው። ዑለማዎች ሁለቱ ቃላት በትርጉም እንደሚቀራረቡ፣ የተጠላው የመጀመሪያው ቃል አስቀያሚነት እንደሆነ ያስረዳሉ።

ይህን ሐዲስ ብዙ ቀን ይዤው ዞርኩ። ልብ በሉ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያንን ከባድ ስሜት አይሰማችሁ አላሉም። «ነፍሴ ግሩም ናት» በሉም አላሉም። ስሜቱ እንዳለ ሆኖ ስሙ ብቻ እንዲለወጥ ነው ያዘዙት። ነፍስን በአስቀያሚ ስም መጥራት ያን ያህል ባይከብድ ኖሮ አንድ ቃል ለማረም ባልደከሙ ነበር።

ወደ ግቢያችን ቋንቋ ስመልሰው እንዲህ ሆነልኝ። «ደደብ ነኝ» የሚለው ቀርቶ «ይህ ምዕራፍ አልገባኝም» ይሆናል። «ቆሻሻ ነኝ» የሚለው «ዛሬ ከብዶኛል» ይሆናል። «ሙናፊቅ ነኝ» የሚለው «ኢማኔ ሰሞኑን ዝቅ ብሏል» ይሆናል። ልዩነቱ የጨዋነት ብቻ አይደለም። «ደደብ ነኝ» ካልኩ በኋላ የሚከተል ጥያቄ የለም፤ ነገሩ አለቀ፣ መጽሐፉን ዘግቶ መተኛት ነው። «ይህ ምዕራፍ አልገባኝም» ካልኩ ግን «የቱ ጋ?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይመጣል። «ኢማኔ ዝቅ ብሏል» ካልኩም «ከመቼ ጀምሮ? ምን ተውኩ?» እላለሁ። የመጀመሪያው ግድግዳ ነው፣ ሁለተኛው በር አለው።

ሌላው ደግሞ በቡኻሪ የተዘገበው፣ መጠጥ ጠጥቶ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ስለቀረበው ሰው የሚናገረው ነው። ሰውየው ተቀጣ። ቅጣቱ አልቀረለትም። ተቀጥቶ ሲሄድ ግን ከተሰበሰቡት መካከል አንዱ አላህ እንዲያዋርደው ረገመው፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉት፤ በወንድማችሁ ላይ ሸይጧንን አታግዙ የሚል ነበር መልእክታቸው። በሰውየው ላይ እርግማኑ ለሸይጧን እገዛ ከሆነ፣ ያ ሰው እኔ ስሆን ሕጉ ይለወጣል እንዴ? ራሴንም ቢሆን ለሸይጧን አሳልፌ የመስጠት ፈቃድ ማን ሰጠኝ?

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ያየ አንድ የጀመዓችን ወንድም ፊቱ አልፈታም። «እህቴ፣ ይህ የፈረንጅ ማባበል እንዳይሆን፤ ነፍስ ካልተገሠጸች አትገራም» አለኝ። ይህን በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ቂያማህ መጀመሪያ ላይ በወቃሽ ነፍስ ምሏል፤ ብዙ ሙፈሲሮች ራሷን የምትወቅሰውን የሙእሚን ነፍስ እንደ ምስጋና ያነሷታል። ኢማሙል ገዛሊም በኢሕያእ ውስጥ ራስን ስለ መተሳሰብ ሰፊ ክፍል ጽፈዋል፤ ነፍስን መውቀስም መቅጣትም አለበት። ስለዚህ «ራሴን አልወቅስም፣ እንዳለሁ ተቀበሉኝ» የሚለው አሁን በስልካችን የሚዘዋወረው ስብከት የእኛ አይደለም። ፈጅር ላይ ማንቂያውን እያጠፉ «ለራሴ እያዘንኩ ነው» ማለትም የእኛ አይደለም።

ነገር ግን ገዛሊ ነፍስን የመሰሏት በንግድ ሸሪክ ነው። ንግዱ ምሳሌ ከሆነ የመርካቶን ወይም የኮምቦልቻን ነጋዴ አስቡ። ማታ ሱቁን ሲዘጋ ሂሳብ ይሠራል፤ ኪሳራ ካለ የት እንደጎደለ ይፈልጋል፤ ሸሪኩን ጠርቶ ይነታረካል። ኪሳራ አየሁ ብሎ ሱቁን የሚያቃጥል ነጋዴ ግን አላየሁም። የቀደሙት ደጋጎች ራሳቸውን ወቅሰው፣ አልቅሰው፣ ከዚያ ለሌሊት ሶላት ይነሡ ነበር። እኛ ራሳችንን ወቅሰን፣ አልቅሰን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን ቲክቶክ እንከፍታለን። ወቀሳው አንድ ዓይነት ቢመስልም የሚያደርስበት ቦታ አንድ አይደለም።

ከወንድማችን ጋር ስንከራከር ሁለታችንንም ያስማማን የተውባ መስፈርቶች ናቸው። ኃጢአቱን ማቆም፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ፣ የሰው ሐቅ ካለበት መመለስ። ቁጠሯቸው። መጸጸት አለ። ራስን መሳደብ የለም። ለዓመታት ስድቡን የተውባዬ አካል አድርጌ ነበር የማየው፤ ምናልባት ብዙ በተሰደብኩ ቁጥር ተውባዬ የጠለቀ የሚመስለኝ ለዚህ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ከዱዓዎቻችን ልጨምር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አቡ በክርን (ረ.ዐ) በሶላታቸው ውስጥ እንዲሉት ያስተማሩት ዱዓ አለ፤ ብዙዎቻችን ከማሰላመታችን በፊት እንለዋለን። ያ ዱዓ የሚጀምረው ነፍሴን እጅግ በድያለሁ በሚል ኑዛዜ ነው። በአደምና ሐዋ ተውባ ውስጥም ይኸው አለ። እዚያ ውስጥ ነፍስ ማን እንደሆነች አያችሁ? ተከሳሽ ብቻ አይደለችም፤ ተበዳይም ናት። ፈጅር ያለፈኝ ቀን የተጎዳችው እሷው ናት። የተጎዳን ሰው ደግሞ ቀርበን ምን ሆንሽ እንለዋለን እንጂ ደግመን አንመታውም።

የሥነ ልቦና ሰዎችም ወደዚህ የሚቀርብ ነገር ይላሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ክሪስቲን ኔፍ በፈረንጆቹ 2003 ባወጣቻቸው ጽሑፎች ለራስ ማዘንን በሦስት ነገር አብራርታዋለች፤ ለራስ ደግ መሆን፣ የደረሰብኝ በሰው ልጅ ሁሉ የሚደርስ መሆኑን ማስታወስ፣ ሕመሙን ሳያጋንኑና ሳይደብቁ ማየት። ከእሷ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ደግሞ የበልኹ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ (በፈረንጆች አቆጣጠር በ934 የሞተ) ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤና በአንድ መጽሐፍ ጽፏል። የነፍሱን ክፍል ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ማሊክ በድሪ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በ2013 ታትሟል። ከውስጡ የወደድኩት ምክር ይህ ነው፤ ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ፣ ነፍሱ በረጋችበት ጊዜም መልካም ሐሳቦችን አዘጋጅቶ ለክፉ ቀን ያስቀምጥ ይላል። በጨነቀ ሰዓት አእምሮ መልስ አይፈልቅለትማ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ደህና በሆንኩባቸው ቀናት ስልኬ ላይ ለራሴ አጫጭር መልሶች እጽፋለሁ። አንዱ እንዲህ ይላል፤ «ሪሚዲያል የተማርሽበት መንገድ ነው፣ ስምሽ አይደለም።»

አያቴ ግን በልኺንም ኔፍንም አታውቅም። ጉልበቷ ታሟል። ከሱጁድ ስትነሣ እጇን መሬት ላይ ታስደግፍና ጉልበቷን በለሆሳስ «አብሽሪ፣ አብሽሪ እናቴ፣ ትንሽ ናት» ትለዋለች። ልጅ ሆኜ እስቅ ነበር፤ ሰው ከጉልበቱ ጋር ያወራል እንዴ? አሁን ሳስበው ስለ ራሷ በደግነት ስታወራ የሰማኋት ብቸኛ ሰው እሷ ናት። ጉልበቷን «አሮጌ፣ የማትረቢ» ብላው አታውቅም። ደግሞም ተቀምጣ መስገድ እንደምትችል ኡስታዞች ነግረዋታል፤ ከበዳት ጊዜ ትቀመጣለች፣ ሲሻላት ትቆማለች። በዚህም በዚያም ራሷን አትከስም።

ለራስ እንዲህ ማውራት ለብቻ ሲሞከር ይከብዳል። ያቃለለልኝን ነገር ልንገራችሁ፤ መነሻው የሐንዞላ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው፤ ሙስሊም ዘግቦታል። ሐንዞላ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጸሐፊዎች አንዱ ነበሩ። አንድ ቀን አቡ በክርን አግኝተው ሐንዞላ ሙናፊቅ ሆነ አሏቸው፤ በራሳቸው አንደበት፣ ራሳቸውን! ምክንያታቸውም ከረሱል ዘንድ ሲሆኑ ጀነትና ጀሀነምን የሚያዩ ያህል ይሰማቸዋል፤ ቤታቸው ገብተው ከሚስትና ከልጅ፣ ከኑሮ ጋር ሲሆኑ ግን ብዙውን ይረሳሉ። አቡ በክር «አይ፣ አንተ እንዲህ አይደለህም» አላሉም። «ተሳስተሃል» ብለውም አልተቹም። እኛም ይህ ያገኘናል አሉ። ሙናፊቅ የተባለው ስሜት በዚያች ቅጽበት የሁለት ሰዎች ሆነ፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ አቡ በክር ናቸው! ተያይዘው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሄዱ፤ እሳቸውም ያ ሁኔታ ሳይቋረጥ ቢዘልቅ ኖሮ መላእክት በየመንገዱ እንደሚጨብጧቸው፣ ነገር ግን ለዚህም ለዚያም ሰዓት እንዳለው ነገሯቸው።

ያቺ እህታችን ዶርሟ ውስጥ ተቀምጣ የተናገረችው ቃል የሐንዞላ ቃል ነበር። ልዩነቱ ሐንዞላ ወጥተው ለሰው ተናገሩት፤ እሷ አንድ ዓመት ደበቀችው።

ስለዚህ እህቶች ተሰባስበን አንድ ነገር ጀመርን። ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር በኋላ መስጂዱ ውስጥ እንቀመጣለን። ሁሉም በሳምንቱ ውስጧ ያለው ድምፅ ያላትን አንድ ዓረፍተ ነገር ቁራጭ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ ስም የለበትም። አጥፈን ሳህን ውስጥ እናደርጋለን። ከዚያ እያንዳንዷ አንድ ታወጣና ጮክ ብላ ታነበዋለች፣ የጻፈችው ልጅ ፊቷ ያለች ያህል መልስ ትሰጣለች። የሠራችውን ኃጢአት በዝርዝር አትጽፍም፤ አላህ የሸፈነውን መግለጥ አያስፈልግም። የሚጻፈው ድምፁ ያለውን ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ሐሙስ ዘጠኝ ወረቀት ወጣ። አራቱ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ «ሁሉም ሲገባው አንቺ ብቻ አልገባሽም» የሚል። አራቱ! ሁሉም «አንቺ ብቻ» ይላሉ። አንዷ የጻፈችው በአፋን ኦሮሞ፣ አንዷ በስልጥኛ ነበርና አስተርጓሚ ፈለግን፤ ሲተረጎም ያው ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዷ የባቹ ሰቃይ መሆኗን በእጅ ጽሕፈቷ ለየናት፤ እሷም ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። ድምፁ ለካ አዲስ ነገር የለውም፤ አንድ ጽሑፍ አባዝቶ ለሁላችንም ነው የሚያድለው። «አይዞኝ» የሚባል ቃል የለም ብዬ ነበር መግቢያዬ ላይ። «አይዞን» የሚል ግን አለ፤ አማርኛችን ይህችን አልነፈገንም። ፋቲሓንስ ብቻችንን ዶርም ውስጥ ስንሰግድ እንኳ መመራትን የምንለምነው «እኛን» ብለን አይደል?

ያቺ እህት በሦስተኛው ሐሙስ መጣች። በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ጫማዋን ቅርብ አድርጋ። ተራዋ ደርሶ ያወጣችው ወረቀት የእሷ አልነበረም፤ ሌላ ሰው የጻፈው ነው፤ ቃሉ ግን ያው «ሙናፊቅ» ነበር። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ወረቀቱን እያየች፣ «እህቴ፣ ሙናፊቅ ብትሆኚ ይህ እንቅልፍ አይነሳሽም ነበር። ማታ ቶሎ ተኚ። ዛሬ ከመግሪብ ጀምሪ፣ ነገ ስለ ፈጅሩ እናወራለን» አለች። እኛ ማንም አልተናገረም። እሷ ራሷ ቀና ብላ «ምን ታዩኛላችሁ?» አለችን፣ ከዚያ አለቀሰች።

ያ ቀን ሁሉን ነገር አልፈታም። ሒፍዙን እስካሁን አልተረከበችም፤ አንዳንድ ሐሙስም ትቀራለች። ፈጅር ግን አንድ ዶርም ያለች ልጅ ትቀሰቅሳታለች፤ ያመለጣት ቀን ደግሞ እንደነቃች ትሰግዳለች። ከኸይበር ሲመለሱ ሶሓቦች ሁሉ፣ እንዲጠብቅ የተመደበው ቢላል (ረ.ዐ) ጭምር፣ ፀሐይ እስክትሞቃቸው መተኛታቸውን፣ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ከቦታው ፈቀቅ ብለው እንዳሰገዷቸው ነግሬያታለሁ። «ቢላልን አልተቆጡትም?» ብላ ነበር መጀመሪያ የጠየቀችኝ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ወረቀትና ሳህን የማይበቃው ጊዜ አለ። ለሳምንታት እንቅልፍ ከጠፋ ወይም ከአልጋ መነሣት ካቃተ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ይልቁንም ድምፁ «ባትኖሪ ይሻላል» ማለት ከጀመረ፣ ያ የኢማን ማነስ ምልክት ተደርጎ ብቻ አይታይ። ወደ ተማሪዎች ክሊኒክና ወደ ምክር አገልግሎት ቢሮ ሂዱ፤ ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ ከእኛ አንዳችንን ያዙ፤ በር ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ቁርኣን ይቀራል፣ ሐኪምም ይታያል፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል።

ፋይናል እስኪያልቅ ሐሙስ ከዐስር በኋላ እንደተለመደው በእህቶች ክፍል ነን። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ ወረቀቱ ከእኛ ነው፤ ቆሎ የምታመጣ ካለች አንከለክልም። ወንድሞች ደግሞ የራሳችሁን ጀምሩ ብለን ከጠየቅናችሁ አንድ ወር ሆነ። ረቂቄን ያየው ወንድም ሳህኑን እኔ አመጣለሁ ብሏል፤ እየጠበቅነው ነው።